በእንግሊዝ የትዳር ቪዛ ሲያራዝሙ በአድራሻ ማስረጃ ላይ የሚፈጸሙ ስህተቶች

ጎንደር ፒያሳ ባለው የትርጉም ቢሮዬ የጋብቻ የምስክር ወረቀት ከሚያስተረጉሙት መካከል ብዙዎቹ በእንግሊዝ ሀገር ከትዳር ጓደኛቸው ጋር የሚኖሩ ልጆቻችን ናቸው። ከውጭ አመልክተው በትዳር ለሚገቡት በቅድሚያ የሚሰጠው ፈቃድ 2 ዓመት ከ9 ወር ሲሆን፣ ለተጨማሪ 2 ዓመት ከ6 ወር ለማራዘም በአንድ ቤት አብረው መኖራቸውን በሰነድ ማሳየት ይጠበቅባቸዋል። ሰዎቹ በእውነት አብረው ይኖራሉ፤ ፋይላቸው ግን ይህን አይናገርም።

ከሁሉ በላይ ትዕግሥቴን የሚፈታተነው ደብዳቤ መጣል ነው። እኛ ባደግንበት ከተማ ደብዳቤ ቤት ድረስ አይመጣም፤ የሚጻፍለት ሰው ቢኖር እንኳ ፖስታ ቤት ሄዶ ከሳጥኑ ያወጣል። ስለዚህ ልጆቻችን በር ሥር የሚገባውን ፖስታ ሁሉ እንደ ማስታወቂያ እየቆጠሩ ይጥሉታል፤ ቪዛውን የሚወስነው የእንግሊዝ መንግሥት መሥሪያ ቤት (ሆም ኦፊስ) የሚፈልገው ግን እርሱኑ ነው። የተለመደው መስፈርት በሁለቱም ስም በአንድ አድራሻ የተላኩ፣ ቢያንስ ከ3 የተለያዩ ምንጮች የመጡ፣ ቀናቸውም ባለፉት 2 ዓመታት ውስጥ የተሠራጨ 6 ደብዳቤዎች ናቸው፤ የጋራ ደብዳቤ ከሌለ ደግሞ እያንዳንዳቸው በየስማቸው 6 ያቀርባሉ። አንዲት የአዘዞ እናት ልጃቸው በቴሌግራም የላከችላቸውን ፋይል ሲያሳዩኝ «ሁሉም ተሟልቷል ብላኛለች፣ ልጄ» አሉኝ። ወረቀቶቹ ንጹሕና በቁጥርም የበቁ ነበሩ፤ ሆኖም ከባንክ የመጣውም፣ ከውኃ ድርጅቱም፣ ከሐኪም ቤቱም የተጻፈው ሁሉ ማመልከቻው ሊገባ ሲል በአንድ ሳምንት ውስጥ ተለምኖ የወጣ ነበር። እንዲህ ያለ ፋይል ባልና ሚስቱ በዚያች ሳምንት አንድ ቤት እንደነበሩ እንጂ ያለፉትን ዓመታት አያስረዳም። መፍትሔው ከገቡበት ቀን ጀምሮ አንድ ካርቶን አስቀምጦ የመጣውን ሁሉ በየወሩ እየለዩ ማኖር ነው። የተጣለውን ለመተካት የቆዩ የባንክ መግለጫዎችን፣ ከሐኪም ቤትም የተመዘገቡበትን ቀንና አድራሻ የሚገልጽ ደብዳቤ መጠየቅ ይቻላል።

ሁለተኛው ስህተት ሁሉን በባል ስም መተው ነው። መብራቱም ኪራዩም በእርሱ ስም ሆኖ ሚስቲቱ በሰነድ ዓለም የሌለች ትሆናለች። ለአካባቢው አስተዳደር (ለካውንስሉ) በመኖሪያ ቤት የሚከፈለው የካውንስል ታክስ ነገር ከዚህም የባሰ ነው፤ ብቻውን የሚኖር ሰው 25 በመቶ ቅናሽ ስለሚያገኝ፣ ሚስቱ ከመምጣቷ በፊት በቅናሹ ሲጠቀም የኖረ ባል ሳያሳውቅ እንደዚያው ይቀጥላል። ከዚያም አብረው ስለመኖራቸው ማስረጃ ብሎ የሚያያይዘው ደረሰኝ ብቻውን እንደሚኖር በግልጽ ይመሰክርበታል! ይህን ያየ መርማሪ ትዳሩን ቢጠራጠር አይፈረድበትም፤ ካውንስሉም ያለ አግባብ የተቀነሰውን ገንዘብ ማስመለስ ይችላል። ሚስቱ በገባችበት ሳምንት ለካውንስሉ ማሳወቅና ስሟን ማስመዝገብ ለሁሉም ይበጃል።

በሀገር ልጅ ቤት ያለ ውል አንድ ክፍል ተከራይቶ መኖር በመካከላችን የተለመደ ነው፤ መተማመኑ ጥሩ ቢሆንም፣ ቤቱ የማን እንደሆነ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚኖሩበትና የትኛው ክፍል ለእነርሱ ብቻ እንደተለየ የሚገልጽ የአከራይ ደብዳቤ መኖር አለበት። ቤት የቀየሩ ሰዎች የድሮውን አድራሻ ከነቀኑ ይጻፉ እንጂ አይደብቁ። የባንክ መግለጫን ከስልክ ስክሪን ፎቶ አንሥቶ መላክም ይቅር።

ለወሊድ ወይም ወላጅ ለማስታመም ጎንደር መጥታ ወራት የቆየች ሚስት በፋይሉ ላይ ክፍተት ይፈጠርባታል። ክፍተቱን በዝምታ ከማለፍ ይልቅ የሄደችበትንና የተመለሰችበትን ቀን፣ የቆይታዋንም ምክንያት በአጭር ደብዳቤ ገልጾ የሆስፒታል ወረቀት ማያያዝ ይሻላል። ከቀበሌ ደብዳቤ የሚያወጡ ሰዎች ክፍለ ከተማው፣ ቀበሌውና የቤት ቁጥሩ በመታወቂያው ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን፣ ማኅተሙም የሚነበብ መሆኑን ከመስኮቱ ሳይርቁ ይመልከቱ።

የዘመን ቆጠራ ስሌትም ብዙ ፋይል አበላሽቷል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ግን 8 ዓመት እንደሚደመር ይዘነጋል። ጥር 18 ቀን 2014 የተፈጸመ ጋብቻ በፈረንጆች ጃንዋሪ 26 ቀን 2022 ነው፤ ሰባት ብቻ ደምሮ 2021 ብሎ የሞላ ሰው ቅጹና የምስክር ወረቀቱ ይጣሉበታል።

ትርጉሙን በተመለከተ፣ እንግሊዝኛ ስለሚችል ብቻ የአጎት ልጅ የተረጐመው ወረቀት አይበቃም። ትርጉሙ ትክክለኛ መሆኑን የሚያረጋግጥ ቃል፣ ቀን፣ የተርጓሚው ሙሉ ስም፣ ፊርማ፣ የሙያ ማስረጃና አድራሻ ሊኖርበት ይገባል።

ሰነዱን አስገብተው መልስ ሳያገኙ ለጥምቀት ወደ ጎንደር የሚመጡም አሉ። ማመልከቻው ገና ውሳኔ ሳያገኝ ከእንግሊዝ የሚወጡ ሰዎች፣ አየርላንድንና በአቅራቢያው ያሉትን የእንግሊዝ ደሴቶች ካልሆነ በቀር፣ ማመልከቻቸውን እንደተዉት ይቆጠራል፤ ስለዚህ ቲኬቱን ውሳኔው ከደረሳቸው በኋላ ይቁረጡ።