ግራፉ «መስመሩ ክፍት ነው» እያለ ኢንተርኔቱ ሲቆራረጥ፦ ችግሩና መፍትሄው

ችግሩ፦ ደሴ ውስጥ በምንከታተለው አንድ ቢሮ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር የድምፅ ጥሪ ይቆራረጣል፣ ድረ ገጽም ቶሎ አይከፈትም፤ የራውተሩ የ5 ደቂቃ ግራፍ ግን መስመሩ ከግማሽ በታች እንደተያዘ ያሳያል። ለእንዲህ ዓይነቱ ቅሬታ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ባንድዊድዝ (የመስመሩን አቅም) ጨምሩ» የሚል ቢሆንም፣ ሳይለኩ ገንዘብ ማውጣት ተገቢ አይደለም።

ምክንያቱ፦ ግራፉ የሚያሳየው አማካዩን ብቻ ነው። የባቲን ገበያ የሳምንት አማካይ ይዞ የሰኞን ግፊያ ማወቅ አይቻልም፤ በ5 ደቂቃ ውስጥ ለ20 ሰከንድ ጢም ብሎ የሞላ መስመርም ቀሪውን ጊዜ ሥራ ከፈታ ግራፉ ላይ 7 በመቶ እንኳ አይደርስም። የዴንማርኩ የሒሳብ ሊቅ ኤርላንግ እ.ኤ.አ. በ1909 ለስልክ ያወጣው ስሌት ጥሪዎች እርስ በርስ ሳይያያዙ እንደሚመጡ ስለሚወስድ፣ በእሱ መሠረት መዋዠቁ ሰፋ ባለ ጊዜ ሲለካ ይረጋጋል። ተመራማሪዎቹ ሌላንድ፣ ታቁ፣ ዊሊንገርና ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1994 ያሳተሙት የኢተርኔት (ኮምፒውተሮችን በገመድ የሚያገናኝ መረብ) ልኬት ግን የመረጃ ትራፊኩ በሚሊሰከንድም ሆነ በደቂቃ ቢታይ ግፊያው እንደማይለቀው አሳየ።

በዚያ ቢሮም መብራቱ ሲመለስ ኮምፒውተሩና ስልኩ ሁሉ የተጠራቀመውን ፎቶና ፋይል በአንድ ጊዜ ይልካል። ሞደሙ ፓኬቶቹን (መረጃው ተከፋፍሎ የሚላክባቸውን ቁርጥራጮች) ያሰልፋቸዋል፤ 1 ሜጋባይት የሚይዝ ወረፋ በሰከንድ 4 ሜጋቢት በሚልክ መስመር ተራግፎ ለማለቅ 2 ሰከንድ ይፈጃል፣ ከኋላ የተሰለፈው የሰው ድምፅም ያንን ሁሉ ይጠብቃል። ሞደሙን ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ላይ መሰካት ይህን አያድንም።

መፍትሄው፦ በየሰከንዱ ፒንግ (አጭር መልእክት ልኮ መልሱ እስኪመጣ የሚፈጀውን ጊዜ መለካት) እያደረጉ መጀመሪያ መስመሩ ሥራ በፈታበት፣ ቀጥሎ ትልቅ ፋይል በሚላክበት ሰዓት ይለኩ። መዘግየቱ ፋይል ሲላክ ብቻ ወደ ሺህ ሚሊሰከንድ የሚዘል ከሆነ ጥፋቱ የወረፋው ነው፤ ማንም ሳይጠቀምም ፓኬት ከጠፋ ግን ገመዱንና ዋይፋዩን ይመርምሩ። ወረፋው ከሆነ የራውተሩን የመላኪያ ፍጥነት ከተለካው ወደ 90 በመቶ ዝቅ ያድርጉ፤ ያን ጊዜ ወረፋው ከሞደሙ ወጥቶ እርስዎ ወደሚያዙት ራውተር ይመጣል። እዚያም ኤፍኪው ኮዴልን (FQ-CoDel፣ ወረፋው እንዳይረዝም እያደረገ ለእያንዳንዱ ግንኙነት ተራ የሚሰጥ አሠራር) ያብሩ፤ ማይክሮቲክ በተባሉት ራውተሮች ላይ በሶፍትዌራቸው ራውተርኦኤስ 7 ይገኛል። ባክአፑን (የፋይሎች መጠባበቂያ ቅጂ መላኩን) ወደ ሌሊት ያዛውሩ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም በሰከንድ ሲለካ መስመሩ ለሰዓታት ከ90 በመቶ የማይወርድ ከሆነ፣ ቀላል በሆነው የወረፋ ስሌት እንኳ መዘግየቱ ባዶ መስመር ላይ ካለው 10 እጥፍ ስለሚደርስ፣ ባንድዊድዝ መግዛት የሚገባው ያኔ ነው።