ሳውንድ ካርድ ከመቀየራችሁ በፊት፦ የቤት ቀረጻ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ቤታቸው ሙዚቃ የሚቀዱ ልጆች ሲደውሉልኝ ብዙ ጊዜ ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «የትኛውን ሳውንድ ካርድ ልግዛ?» እኔም መልሼ «ያለህ ምን አስቸገረህ?» እላለሁ። የሚነግሩኝን ስሰማ አብዛኛው ችግር የካርዱ አይደለም። አንድ ቁልፍ በመጫን ወይም አንድ ገመድ በመቀየር ያልቃል። ጥቂቱ ግን እውነትም የካርዱ ነው፤ ለእሱ ብር ማውጣት ያስፈልጋል። ሁለቱን ለመለየት ከምልክቱ እንነሳ።

ሳውንድ ካርድ የምለው ኦዲዮ ኢንተርፌስን ነው። ማይክና መሣሪያ ሰክተን በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር የምናገናኘው ሳጥን።

«ስዘፍን ድምፄ ዘግይቶ ይመጣል»

ከሁሉም በላይ የምሰማው ይህን ነው። ኮምፒውተር ድምፅን የሚቀበለው በጥቅል በጥቅል እያጠራቀመ ነው። የጥቅሉ መጠን ባፈር ይባላል። ባፈሩ 1024 ሳምፕል (የድምፅ ናሙና) ከሆነና በ44.1 ኪሎ ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 44,100 ሳምፕል የምትቀዱ ከሆነ፣ መግቢያው ብቻ 23 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። መውጫው ሲጨመርበት 46 ይሆናል። የገዛ ድምፃችሁን 16 ሜትር ርቆ ከተቀመጠ ስፒከር እንደ መስማት ነው። እንዲህ ሆኖ ምት ጠብቆ መዝፈን ከባድ ነው።

ስትቀዱ ባፈሩን ወደ 128 አውርዱት። መዘግየቱ ወደ 6 ሚሊ ሰከንድ ይወርዳል፤ ካርዱና ድራይቨሩ (ካርዱን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) የሚጨምሩት ትንሽ ይኖራል። ቀረጻው አልቆ ሚክስ ማድረግ፣ ማለትም የቀዳችኋቸውን ድምፆች ማመጣጠን ስትጀምሩ ወደ 1024 መልሱት።

ባፈሩን አውርዳችሁም ካልተለወጠ ድራይቨሩን እዩ። ዊንዶውስ ላይ የምትቀዱበት ፕሮግራም አሲዮ የሚባለውን ድራይቨር መጠቀም አለበት። ብዙ ሰው ሳያውቅ በዊንዶውስ መደበኛ ድራይቨር ሲሠራ ይከርማል። ካርዱን የሠራው ድርጅት ድረ ገጽ ላይ ገብታችሁ የካርዱን የራሱን አሲዮ ድራይቨር አውርዱ። የራሱ ከሌለው አሲዮ ፎር ኦል የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ይረዳል፤ ግን እንደ ካርዱ የራሱ ድራይቨር አይሆንም። ማክ ላይ ይህ ጣጣ የለም፤ ኮር ኦዲዮ አብሮት ይመጣል።

ላፕቶፑ አቅም ካነሰውና 128 ካልቻለ ሌላ መንገድ አለ። ብዙ ካርዶች ላይ ዳይሬክት ሞኒተር የሚል ቁልፍ ይገኛል። እሱን ስትጫኑ ድምፃችሁ ኮምፒውተሩን ሳይዞር ከካርዱ በቀጥታ ወደ ሄድፎናችሁ ይመጣል። ያን ጊዜ ፕሮግራሙ ውስጥ ያለውን ሞኒተር (የገዛ ድምፃችሁን መልሶ የሚያሰማችሁን) አጥፉት፤ አለዚያ ድምፃችሁን ሁለት ጊዜ ትሰማላችሁ።

እዚህ ላይ የካርድ ምርጫ ዋጋ አለው። ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ የራሱ አሲዮ ድራይቨር አለው? ዳይሬክት ሞኒተር አለው? ሁለቱንም ያጣ ካርድ በርካሽ ቢሸጥም እኔ አልገዛውም።

«ይንጣጣል፣ ይቆራረጣል»

ይህ የላይኛው ችግር ተቃራኒ ነው፤ ባፈሩ በጣም አንሷል። ወደ 256 ከፍ አድርጉት። ዋይፋዩን አጥፉ፣ ላፕቶፑን ከኃይል ቁጠባ አውጡት፣ ካርዱንም በዩኤስቢ ማከፋፈያ ሳይሆን በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰኩት።

«ከበስተኋላ እምምም የሚል ድምፅ አለ»

ለዚህ ሲሉ ካርድ የቀየሩ ሰዎች አውቃለሁ። አንድ ወዳጄ ሁለት ጊዜ ቀይሮ እምታው አብሮት ቀረ። ካርዱ ምንም አላጠፋም ነበር።

ፈተናው ቀላል ነው። የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉና 10 ሰከንድ ቅዱ። እምታው ከጠፋ የመጣው ከመብራቱ መስመር ነው። የኢትዮጵያ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ የምትሰሙት ወፍራም እምታ እሱና ብዜቶቹ ናቸው። ብዙ ቤት ሶኬቱ ግራውንድ የሚባለው የመሬት ሽቦ የለውም። ቢኖረውም ባለ ሁለት እግር ስፒና ስናስገባበት ሽቦው ዋጋ ያጣል።

ፈጣኑ መፍትሄ በባትሪ መቅዳት ነው። ኃይሉን ከዩኤስቢ የሚወስድ ካርድ ለዚህ በጣም ይመቻል። ጥሩ እየዘፈናችሁ መብራት ቢሄድም ቀረጻው አይቋረጥም። ለእኛ አገር ሰው ካርድ ስመርጥ ይህንን ከድምፅ ጥራቱ እኩል አየዋለሁ። ዘላቂው መፍትሄ ደግሞ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርቶ የመሬት ሽቦውን ማስተካከል ነው። ላፕቶፑንና ስፒከሮቹን አንድ ዲቫይደር ላይ ሰኩ። ስፒከሮቹንም ባላንስድ በሆነ (እምታ እንዳይገባበት ተደርጎ በተሠራ) ገመድ አገናኙ። የስፒናውን የመሬት እግር ቆርጦ እምታውን ማጥፋት ግን ለሕይወት አደገኛ ነው፤ በፍጹም አታድርጉት።

በባትሪም ካልጠፋ የመሣሪያውን ገመድ ቀይሩ፣ ከቻርጀርና ከስልክም አርቁት።

«ማይኩ ያንሳል፤ ጌይኑን ስከፍት ሽሽሽ ይላል»

ጌይን ማለት ካርዱ የማይኩን ድምፅ የሚያጎላበት መጠን ነው። መጀመሪያ የማይኩን ዓይነት እወቁ። ኮንደንሰር ከሆነ ካርዱ ላይ 48 ቮልት የሚለውን ቁልፍ ተጫኑ። ፋንተም ፓወር ይባላል፤ ያለ እሱ አብዛኛው ኮንደንሰር ማይክ አይሠራም። ብዙ ጥሪ የሚያልቀው እዚህ ነው።

ዳይናሚክ ከሆነ 48 ቮልት አያስፈልገውም፤ ግን ብዙ ጌይን ይፈልጋል። ፖድካስት ላይ የምታዩት ሹር ኤስኤም7ቢ ቢያንስ 60 ዲሲቤል ጌይን እንደሚፈልግ ራሱ አምራቹ ይናገራል። ሦስተኛው ትውልድ ፎከስራይት ስካርሌት 2አይ2 የሚሰጠው እስከ 56 ነው። አራተኛው ትውልድ 69 ይሰጣል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ማይክ ያለው ሰው ካርድ ሲገዛ መጀመሪያ የሚያየው የጌይኑን ቁጥር ይሁን። እስከዚያው ከማይኩ አራት ጣት ያህል ብቻ ራቁ። ቅርበት ነፃ ጌይን ነው።

ሌቭሉንም ከልክ በላይ አትክፈቱት። በ24 ቢት የምትቀዱ ከሆነ ከፍተኛው ድምፃችሁ ከዜሮ (ካርዱ ከሚችለው ጣሪያ) በታች 12 ዲሲቤል አካባቢ ቢደርስ ይበቃል። ከበሮ ከሆነ ደግሞ ማይኩን አርቁ፤ አንዴ የተሰነጠቀ ድምፅ በኋላ በደንብ አይጠገንም።

«ክራሩ ቀጥኖና ደርቆ ይሰማል»

ክራሩ ላይ የተለጠፈው ፒካፕ (ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው) ፒዬዞ የሚባለው ዓይነት ከሆነ ወደ 1 ሜጋ ኦም (አንድ ሚሊዮን ኦም) የሚጠጋ ተቃውሞ ያለው መግቢያ ይፈልጋል። ተራው የላይን መግቢያ ግን 10 ሺህ ኦም አካባቢ ሊሆን ይችላል። ያኔ የወፍራሙ ክር ድምፅ ይበላል። ኢንስት ወይም ሃይ ዚ የሚለውን ቁልፍ ተጫኑ፤ ክራሩ ወዲያው ይሞላል። ቁልፉ ከሌለ ዲአይ ቦክስ (መሣሪያውን ከማይክ መግቢያ ጋር የሚያስማማ ትንሽ ሳጥን) በመሃል አስገቡ።

እኔ ግን ጸጥ ያለ ክፍል ካገኘሁ ክራርን በማይክ መቅዳት እመርጣለሁ። ማሲንቆማ ሁልጊዜ በማይክ ነው። የቆዳውንና የቀስቱን ድምፅ ፒካፕ አይዘውም።

«መብራቱ በርቷል፣ ኮምፒውተሩ ግን አያየውም»

የዩኤስቢ ገመዱን ቀይሩ። አንዳንድ ገመድ ቻርጅ ብቻ ነው የሚያደርገው፤ ዳታ አያስተላልፍም። ካርዱ ከታየና ቀረጻው ባዶ ከሆነ፣ ሴቲንግ ገብታችሁ ፕሮግራሙ ማይክ እንዲጠቀም ፍቀዱለት። በአንድ ጆሮ ብቻ የሚሰማ ከሆነ ደግሞ ትራኩን ከስቴሪዮ ወደ ሞኖ ቀይሩት።

«የቀዳሁት ፈጠነ፣ ድምፄም ቀጠነ»

በ44.1 ኪሎ ኸርዝ የተቀዳ ነገር በ48 ሲከፈት 9 በመቶ ገደማ ይፈጥናል። ቅኝቱም አንድ ተኩል ሰሚቶን (አንድ ሰሚቶን ከአንድ የፒያኖ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ነው) ያህል ይወጣል። ካርዱንም ፕሮግራሙንም አንድ ቁጥር ላይ አድርጉ። ለቪዲዮ ከሆነ 48 ምረጡ።

«አብረን ተጫውተን መቅዳት አልቻልንም»

ይህ ግን በእርግጥ የካርድ ጉዳይ ነው። ድምፃዊ፣ ክራር፣ ዋሽንትና ከበሮ በአንድ ጊዜ እያንዳንዱን በየራሱ ትራክ ለመቅዳት 4 የማይክ መግቢያ ያስፈልጋል። ስሙ ላይ 4 ስላለ ብቻ አትመኑ። ስካርሌት 4አይ4 አራት መግቢያ አለው፤ ማይክ የሚቀበሉት ግን ሁለቱ ናቸው። ሳቅና ጭብጨባ የሚያወጡ ቁልፎች ያሏቸው የላይቭ ሳውንድ ካርዶችም ለዚህ አልተሠሩም፤ ሁሉንም ደባልቀው አንድ አድርገው ነው የሚልኩት። ዊንዶውስ ላይ ሁለት ካርድ ደርቦ መሥራትም አያዋጣም፤ አብዛኛው ፕሮግራም በአንድ ጊዜ የሚቀበለው አንድ የአሲዮ ድራይቨር ነው። ሱቅ ስትገቡ ሳጥኑን አስከፍቱና የኤክስኤልአር ቀዳዳዎቹን (የማይክ ገመድ የሚሰካባቸውን) በጣታችሁ ቁጠሩ።