ሥራው ሰላም፣ --ሄልፕ ሲሉት የሚሞተው የፓይተን ፕሮግራም

በአርግፓርስ (ከትእዛዝ መስመር የሚሰጡ አማራጮችን በሚያነበው የፓይተን ላይብረሪ) የሠራኋት አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ነበረችኝ። ሥራዋን በደንብ ትሠራለች። የአጠቃቀም ማብራሪያ እንድታሳይ --ሄልፕ ሲሏት ግን ቫልዩኤረር የሚባል ስሕተት አውጥታ ትሞታለች። ኤረሩም የሚጠቁመው የእኔን ኮድ ሳይሆን የአርግፓርስን ፋይል ነው፤ «ቀ» የምትባለውን ፊደል አላውቃትም ይላል።

«ቀ»ን ሳይ በቃ የዩኒኮድ (ኮምፒውተር ፊደላትን የሚወክልበት ኮድ) ችግር ነው አልኩ። ተርሚናሉን ቀየርኩ፣ ፓይተንን በዩቲኤፍ-8 ሁነታ አስነሳሁ፣ ፋይሉን እንደገና ሴቭ አደረግኩ። ሁለት ቀን ሄደ፣ ጠብ ያለ ነገር የለም።

ከዚያ የማብራሪያ መስመሮቹን አንድ በአንድ አጠፋሁ። ጥፋተኛው «ዋጋውን 50% ቀንስ» የሚለው ሆኖ ተገኘ! አርግፓርስ የ% ምልክትን ዲፎልት ዋጋ (ተጠቃሚው ካልሰጠ የሚወሰደውን) የመሳሰለውን ለመሙላት ይጠቀምባታል። ስለዚህ ከ% እና ከክፍት ቦታው ቀጥሎ የመጣችውን «ቀ» የፎርማት ትእዛዝ መሰለችው። ማብራሪያው የሚዘጋጀው ሄልፕ ሲጠየቅ ስለነበር ፕሮግራሙ በሌላ ጊዜ ሰላም ነበር። መፍትሔው % ን ሁለት ጊዜ መጻፍ ነው፦ «50%% ቀንስ»። ስክሪኑ ላይ አንዷ ብቻ ትታያለች።

እግረ መንገዴን ሌላም አስተካከልኩ። በየመስመሩ የጻፍኳቸው ምሳሌዎች አንድ ላይ ተጨፍልቀው ነበር የሚወጡት። መጀመሪያ ሮውዴስክሪፕሽንሄልፕፎርማተር የተባለውን የአርግፓርስ ፎርማተር (የማብራሪያውን አቀማመጥ የሚወስን ክላስ) ሞከርኩ፤ እሱ የሚጠብቀው መግቢያውንና መዝጊያውን ብቻ ነው። የእያንዳንዱ አማራጭ ማብራሪያም መስመሩን እንዲጠብቅ ፎርማተር ክላሱን ሮውቴክስትሄልፕፎርማተር ማድረግ ያስፈልጋል። ታዲያ ረጅም መስመር ራሱ አያጥፍላችሁም፣ በእጃችሁ ቁረጡት።