«ስህተት ተፈጥሯል» ብሎ ዝም የሚል ኤፒአይ እንዴት ይስተካከላል?

ቡሬ ያለ የበቆሎ ነጋዴ በስልኩ ትዕዛዝ ይልካል እንበል። መተግበሪያው «ስህተት ተፈጥሯል» ይለዋል። ምኑ ላይ? መልስ የለም። ባሕር ዳር ላለው ፕሮግራመር ይደውላል፤ እሱም የሚያየው ያንኑ ሁለት ቃል ነው። መተግበሪያው ከሰርቨሩ ጋር የሚነጋገርበት ኤፒአይ ከዚህ በላይ አልነገረውማ። ኤፒአይ የምትሠሩ ከሆነ እንዲህ አድርጉ።

መጀመሪያ ኮዱን አስተካክሉ። መተግበሪያና ሰርቨር የሚነጋገሩበት ደንብ ኤችቲቲፒ ይባላል፤ እያንዳንዱ የኤችቲቲፒ ምላሽ ባለ 3 አሃዝ ኮድ ይዞ ይመጣል። በ4 ከጀመረ ችግሩ የተላከው ጥያቄ ላይ ነው፤ በ5 ከጀመረ ሰርቨሩ ጋ። 401 ማንነትህ አልታወቀም፣ 403 አልተፈቀደልህም፣ 404 የጠየቅከው የለም ማለት ነው። ሰው የሚያበግነው ግን 200 ነው። 200 «ተሳክቷል» ማለት ሆኖ ሳለ፣ ውስጡ ሲከፈት «አልተሳካም» ይላል። ኮዱን ብቻ የሚያይ ፕሮግራም ትዕዛዙ ደርሷል ብሎ ይመዘግባል፤ ነጋዴው መኪና ሲጠብቅ ይውላል።

ቀጥሎ የተበላሸውን ፊልድ (መረጃ የሚሞላበትን ቦታ) በስሙ ጥሩ። «የተሳሳተ መረጃ» ብቻውን ስድብ እንጂ መረጃ አይደለም። ነጋዴው የማስረከቢያ ቀን ብሎ የሞላው ጳጉሜን 3 ነው። ሰርቨሩ ደግሞ ከ12 በላይ ወር አያውቅም። «የማስረከቢያ ቀን፦ 13ኛ ወር አንቀበልም፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ላኩ» ቢል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ስልክ ቁጥርም ያው ነው። በ07 የሚጀምረውን የማይቀበል ሲስተም ቢያንስ ምክንያቱን ይናገር። (አለመቀበሉ ራሱ ሌላ ጉድ ነው።) ሦስት ፊልድ ከተበላሸ ሦስቱንም በአንዴ ንገሩ። አንዱን አስተካክሎ ሲመጣ ሌላ መጨመር የቀበሌውን «ነገ ተመለስ» ኮምፒውተር ላይ ማምጣት ነው።

የምላሹን ቅርፅ ከባዶ አትፍጠሩ። አርኤፍሲ 9457 የሚባል የኢንተርኔት መስፈርት አለ፤ በ2023 እ.ኤ.አ. ወጥቶ በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣውን አርኤፍሲ 7807 ተካ። የችግሩን ዓይነት፣ ርዕሱን፣ ኮዱን፣ ዝርዝሩንና የክስተቱን መለያ የት እንደምታስቀምጡ ይነግራችኋል። የራሳችሁን ተጨማሪ ፊልድም ይፈቅዳል።

ጥያቄ በዝቶ 429 ስትመልሱ፣ ስንት ሰከንድ መጠበቅ እንዳለበት «ሪትራይ አፍተር» በሚባለው ሄደር (ከምላሹ ራስጌ የሚጻፍ መረጃ) ላይ ጻፉ። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ መተግበሪያ ደጋግሞ መሞከሩ አይቀርም።

500 ላይ ግን ቁጥብ ሁኑ። የዳታቤዝ ሰንጠረዥ ስምና የፋይል አድራሻ ለውጭ ሰው አይታይም፤ ሰርጎ ገብ ይጠቀምበታል። ዝርዝሩን ከነመለያ ቁጥሩ ሎግ (የሰርቨሩ የውስጥ መዝገብ) ላይ ጻፉ፣ ለደንበኛው ቁጥሩን ብቻ ስጡት። ሲደውል እሱን ያነብላችኋል።

ከዚያ ሆን ብላችሁ አበላሽታችሁ ላኩ፦ ባዶ ፊልድ፣ ጊዜው ያለፈበት ቶክን (የማንነት ማረጋገጫ)፣ በቁጥር ቦታ ፊደል። የሚመጣውን መልእክት ኮዱን ላልጻፈ ሰው አሳዩት። ቀጥሎ ምን ማድረግ እንዳለበት ካልገባው እንደገና ጻፉት።