የሰርግ ካሴት ስትገለብጡ መጀመሪያ ፊልዱን እዩ

ደብረ ብርሃን በምሠራበት ሱቅ ሰሞኑን የበዛው ሥራ የድሮ ካሴት ወደ ፍላሽ መገልበጥ ነው። ሰዎች ከመሃል ሜዳ፣ ከሞላሌ፣ ከደብረ ሲና በ1990ዎቹ የተቀረጸ የሰርግ ሚኒ ዲቪ (ትንሹ ዲጂታል የቪዲዮ ካሴት) በነጠላ ጠቅልለው ይዘው ይመጣሉ። ካሴቱ ላይ ከሚመርቁት ሽማግሌዎች ብዙዎቹ ዛሬ የሉም። ለዚህ ነው በጥድፊያ መሠራት የሌለበት።

አንድ ጊዜ ተሳስቻለሁ። ከመንዝ የመጡ እናት የልጃቸውን ሰርግ አስገለበጡኝ። ኮምፒውተሬ ላይ ከፍቼ አየሁት፣ ደህና ነው፣ ሰጠኋቸው። በሳምንቱ ተመልሰው መጡ። «ልጄ፣ ፈረሱ ይንቀጠቀጣል እኮ! ካሴቱ ላይ እንዲህ አልነበረም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ቴሌቪዥን ላይ ስንከፍተው ሚዜዎቹ እየጋለቡ ወደ ግቢው ሲገቡ ፈረሱ ትንሽ ወደፊት ይሄዳል፣ ወደኋላ ይመለሳል፣ እንደገና ወደፊት። እስክስታው ላይማ ትከሻው ሁለት ቦታ የሚመታ ይመስላል። ጥፋቱ የኢንኮደሩ (ቪዲዮውን ጨምቆ ፋይል የሚያደርገው) አልነበረም፣ የፊልዱን ቅደም ተከተል ገልብጬው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ጋ የሚመጡት ካሴቶች ፓል በሚባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት የተቀረጹ ናቸው፣ በሴኮንድ 25 ፍሬም። እያንዳንዱ ፍሬም ግን አንድ ሙሉ ፎቶ አይደለም፣ በ1/50 ሴኮንድ ልዩነት የተነሱ ሁለት ግማሽ ምስሎች ተጠላልፈው ነው፣ ኢንተርሌስድ የሚባለው ይህ ነው። ከ576 መስመር 288ቱ በአንዱ፣ 288ቱ በሌላው። እነዚህ ግማሾች ፊልድ ይባላሉ። የትኛው ቀድሞ እንደተነሳ ለማሽኑ በትክክል ካልተነገረው ኋላ የተነሳውን አስቀድሞ ያሳያል፣ ፈረሱም ወደኋላ ይረግጣል። ኮምፒውተሬ ሁለቱን ደርቦ ስላሳየኝ ነው ያላወቅሁት።

ይህን በቃላችሁ ያዙ፦ ሚኒ ዲቪ የታችኛው ፊልድ ይቀድማል፣ ሎወር ፊልድ ፈርስት። የኋለኞቹ ኤችዲ ካሜራዎች የሚቀርጹባቸው ኤችዲቪ እና 1080 ኢንተርሌስድ የሆነው ኤቪሲኤችዲ ደግሞ የላይኛው፣ አፐር ፊልድ ፈርስት። የድሮውን ካሴት ከኋለኛ ካሜራ ጋር አንድ ታይምላይን ላይ የምትቀላቅሉ ከሆነ ብዙው ስህተት የሚገባው እዚህ ጋ ነው። ሶፍትዌሩ የገመተውን አትመኑ። ፋይሉን የቪዲዮ መረጃ በሚያሳየው ሚዲያኢንፎ ፕሮግራም ክፈቱና «ስካን ኦርደር» የሚለውን አንብቡ። ማቀናበሪያው ፕሪሚየር ላይ ክሊፑን በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ ሞዲፋይ፣ ከዚያ ኢንተርፕሬት ፉቴጅ ውስጥ ታስተካክላላችሁ።

የተጻፈው ራሱ የተሳሳተ ቢሆንስ? ያኔ ፈረሱን ጠይቁት። በፍጥነት ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄድ ነገር ያለበትን 10 ሴኮንድ ቁረጡ። እያንዳንዱ ፊልድ ራሱን የቻለ ፍሬም እንዲሆን በሴኮንድ ወደ 50 ፍሬም ዲኢንተርሌስ አድርጉት፣ ማለትም የተጠላለፉትን ለዩዋቸው። ከዚያ አንድ በአንድ እያለፋችሁ የፈረሱን እግር ተከተሉ። ሁልጊዜ ወደፊት ከሄደ ትክክል ነው፣ አንዴ ወደፊት አንዴ ወደኋላ ካለ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። ቪዲዮውን ስታቆሙት ጠርዙ ላይ የሚታየው የማበጠሪያ ጥርስ የመሰለ ነገር ግን የተለየ ነው፣ እሱ ኢንተርሌስድ መሆኑን ብቻ ነው የሚነግራችሁ፣ ስህተት አይደለም።

ሌላ ጠንቅ አለ። ዲኢንተርሌስ ሳታደርጉ የምስሉን መጠን አትቀይሩ፣ የሁለቱ ፊልድ መስመሮች ይደባለቁና ከዚያ በኋላ የሚለያቸው የለም። ምስሉን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች በ1 መስመር ማንሸራተት እንኳ ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል።

ኢንኮደር የሚመረጠው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ደንበኛው ዲቪዲ ከፈለገ ኤምፔግ 2 ነው፣ ኢንተርሌስድ እንደሆነ ተዉት፣ ቅደም ተከተሉን ብቻ እንደ ምንጩ ምረጡ። ለስልክ፣ ለዩቲዩብና በፍላሽ ለሚታይ ዲኢንተርሌስ አድርጋችሁ ኤች.264 ስጡ። ኤች.265 ቦታ ይቆጥባል፣ ግን ገጠር ያለው የቆየ ቴሌቪዥን አይከፍተውም፣ ስለዚህ እኔ አልሰጥም። መቀየሪያው ፕሮግራም ሃንድብሬክ ላይ ያዲፍ የሚባለውን የዲኢንተርሌስ ዘዴ ምረጡ፣ እያንዳንዱን ፊልድ ፍሬም የሚያደርገውን ቦብ አድርጉት፣ ፍሬሙን 50። አንዱን ፊልድ የሚጥል ዘዴ አትጠቀሙ፤ የሙሽራዋ ቀሚስ ጥለት ደረጃ ደረጃ ሆኖ ይቀራል፣ አይታችሁት ታዝናላችሁ። የምስሉንም ልክ 768 በ576 አድርጉት፣ 720 ላይ ከተዋችሁት ሰው ሁሉ ይቀጥናል።

ኤች.264 የሚያወጣው ኤክስ264 የሚባለው ኢንኮደር በፕሮሰሰር ስለሚሠራ ይዘገያል፣ ግን የድሮ ካሴት ነጠብጣብ የበዛበት ምስል ስለሆነ በተመሳሳይ መጠን ከግራፊክስ ካርዱ ኢንኮደር የተሻለ ያወጣል። ጥራቱን ሲአርኤፍ በሚባለው የጥራት ቁጥር 18 ወይም 20 አድርጉት፣ ቁጥሩ ሲያንስ ጥራቱ ይጨምራል። መብራት የማያስተማምን ቀን ከሆነ ግን ፈጣኖቹን የግራፊክስ ኢንኮደሮች ኤንቪኤንክ ወይም ኩዊክ ሲንክ ተጠቀሙ፣ ቢትሬቱን (በሴኮንድ የሚይዘውን የዳታ መጠን) ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ። ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አድሮ ንጋት ላይ ከሚቋረጥባችሁ ይሻላል።

ከካሜራው በፋየርዋየር ገመድ ያስገባችሁትን የዲቪ ፋይል አትደምስሱት። የአንድ ሰዓት ካሴት ወደ 13 ጊጋባይት ነው፣ ሃርድ ዲስክ ይዞ ለሚመጣ ደንበኛ ከፍላሹ ጋር እሱንም ገልብጡለት። እኒያ እናት ሁለተኛ ሲመጡ ካሴቱን እንደገና ማጫወት ያላስፈለገኝ ያ ፋይል ስለነበረኝ ነው። ቅደም ተከተሉን አስተካክዬ እንደገና አወጣሁት፣ ሱቁ ካለው ቴሌቪዥን ላይ ሰክቼ አብረን አየነው። ፈረሱ ሳያመነታ ገባ።