ሐይቅ ላይ የኤሌክትሪክ ጀልባ ለምትነድፉ

የኤሌክትሪክ መንገደኛ ጀልባ ንድፍ ይዘው የሚመጡ ወጣቶች በዝተዋል። ደስ ይላል። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ስሙም «ሐይቅ» የተባለ ትልቅ ውኃ አለ። ጠዋት ሠራተኛና ተማሪ ከማዶ ወደ ከተማው፣ ማታ ደግሞ መልሶ የሚያሻግር ጀልባ ቢታሰብ ምን ክፋት አለው? ግን ወረቀቱን ስገልጠው የማየው እነዚህኑ ስህተቶች ነው።

ከፍጥነት መጀመር

የመጀመሪያው ገጽ ላይ «በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር» ተብሎ በደማቁ ተጽፏል። ለምን 30? መልስ የለም።

ውኃ እየሰነጠቀ የሚሄድ ጀልባ ሲፈጥን፣ የሚፈልገው ኃይል በፍጥነቱ ኩብ ያህል ያድጋል፤ አንዳንዴም ከዚያ ይብሳል። በሰዓት ከ15 ወደ 20 ኪሎ ሜትር ከፍ በሉ፤ ኃይሉ 2.4 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ጉዞው ቢያጥርም ከባትሪው የሚወጣው 1.8 እጥፍ ነው። 5 ኪሎ ሜትር ለማቋረጥ በ15 ከሄዳችሁ 20 ደቂቃ፣ በ20 ከሄዳችሁ 15 ደቂቃ ይፈጃል። ባትሪውን እጥፍ ገደማ አድርጋችሁ ያተረፋችሁት 5 ደቂቃ ነው! ያ ባትሪ ደግሞ ይከብዳል። ጀልባው ወደ ታች ይገባል፣ ውኃው ይበልጥ ይይዘዋል፣ ስለዚህ ሌላ ባትሪ ይጨመራል። እንዲህ እያለ ይቀጥላል።

በዚያው ንድፍ ላይ መግቢያውን እዩት። ሰው በሰልፍ አንድ በአንድ የሚያልፍባት አንዲት ጠባብ መረማመጃ ናት። 60 ሰው እያንዳንዱ 5 ሰከንድ ቢወስድ ለመሳፈር ብቻ 5 ደቂቃ ሄደ። ለመውረድ ሌላ 5። ሁለት ሰፊ በር አድርጉና ጊዜውን ከዚያ ውሰዱት። ባትሪውን ተውት።

«ስቶክሆልም ላይ እኮ ይበራል» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ በ2024 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው ካንዴላ ፒ-12 የተባለው የኤሌክትሪክ ጀልባ 30 ሰው ይዞ በሰዓት 46 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ግን እሱ ውኃ ውስጥ በሚቀር ክንፍ ከውኃው በላይ ተነስቶ ነው የሚሄደው። አካሉ ካርቦን ፋይበር ነው፤ ሚዛኑን ኮምፒውተር ይጠብቅለታል። ያንን ክንፍ የአሣ መረብ የተዘረጋበት ሐይቅ ላይ ማን ሊጠግነው ነው? በነገራችን ላይ ተራውንም ጀልባ ቢሆን መረብ ይይዘዋል። ፕሮፔለሩ ከላይ ተከፍቶ የሚጸዳ ይሁን።

የቻርጁን ነገር ለመብራት ኃይል መተው

«ዳር ላይ ቻርጀር ይተከላል» ተብሎ ይታለፋል። በምን መስመር? በ2015 እ.ኤ.አ. ኖርዌይ ውስጥ ሥራ የጀመረችው አምፔር የተባለች የኤሌክትሪክ ጀልባ መኪናና ሰው ታሻግራለች። በሁለቱም ዳር ያለው የመንደር መስመር ደካማ ነበርና በቆመችባት 10 ደቂቃ የምትፈልገውን ሊሰጣት አልቻለም። ምን አደረጉ? የብስ ላይ ባትሪ አስቀመጡ። እሱ ከመስመሩ ቀስ እያለ ይሞላል፤ ጀልባዋ ስትደርስ ቶሎ ይሰጣታል። ኖርዌይ እንዲህ ካደረገች፣ መብራት በሚሄድበት አገር ይህን መዝለል ምን ይባላል? በመሃል መብራት ቢጠፋ ሰውን መልሶ የሚያደርስ ቻርጅ ሁልጊዜ ባትሪው ውስጥ ይኑር።

ከፍታን መርሳት

ሐይቅ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አብዛኛው ሞተርና ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ለሞተሩ የሚቀይረው ዕቃ) ግን ሙሉ ኃይሉ የሚቆጠርለት እስከ 1,000 ሜትር ነው። ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ በደንብ አያቀዘቅዝም። ካታሎጉን እስከ መጨረሻው ገጽ አንብቡ።

ሰውን በኪሎ ብቻ መቁጠር

ተሳፋሪ 75 ኪሎ ተብሎ ይባዛል፣ አለቀ። አንድ ጊዜ አንዱን ልጅ ንድፉን አስይዤ ሐይቅ ላይ ለኖሩ አንድ ጀልበኛ አባት እንዲያሳያቸው ወሰድኩት። ብዙ አዩት። ከዚያ «አብሽር ልጄ፣ ያምራል» አሉት። ቀጥለው «በጉስ የት ይቆማል?» ብለው ጠየቁ። ልጁ እኔን አየኝ፤ እኔ ሐይቁን አየሁ።

የገበያ ቀን ጤፍ አለ፣ ጄሪካን አለ፣ በግ አለ። ኅዳር 26፣ የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ዕለት፣ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚመጣውን ሰው ደግሞ አስቡት። ገዳሙ ሲታይ ግማሹ ሰው ፎቶ ሊያነሳ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል። ጀልባው ያን ጊዜ ስንት ዲግሪ እንደሚያጋድል ያላሰላ ንድፍ አላይም። ባትሪው ከታች ይቀመጥ። ጣሪያ ላይ የምትደረድሩትን ሶላር ደግሞ ቀንሱ፤ ክብደቱ ከላይ ነው።

ቋሚ ወደብ

ሐይቅ ወደ ውጭ የሚፈስ ወንዝ የለውም፤ ውኃው ከፍ ዝቅ ይላል። ተንሳፋፊ መድረክ ሥሩ።

ማጓጓዣውን መጨረሻ ላይ ማሰብ

አሁንም አሁንም የሚገርመኝ ይሄ ነው። 6 ሜትር ስፋት ያለው ጀልባ ተነድፎ ውጭ አገር ይሠራል ይባላል። ከጅቡቲ በምን ሊመጣ? የኮንቴይነር የውስጥ ወርድ 2.35 ሜትር ገደማ ነው። የኮምቦልቻንና የደሴን ጠመዝማዛ መንገድ የምታውቁት ይመስለኛል። ካታማራን፣ ማለትም ባለ ሁለት ሆድ ጀልባ፣ ከሆነ ሁለቱ ሆዶች ለየብቻ ኮንቴይነር ውስጥ ይግቡ። የሚያገናኛቸው ወለል ተቆራርጦ ይምጣና ዳር ላይ በብሎን ይታሰር። ብሎኑ የሚገባበትን ቦታ ከመጀመሪያው ስዕል ላይ አስቀምጡት፤ በኋላ ልጨምር ካላችሁ ክብደቱም ሚዛኑም እንደ አዲስ ሊሰላ ነው።