አሲያ በአልፋው፣ ዓሲያ በዓይኑ፦ የሙስሊም ስም ስናወጣና ስንጽፍ የምንሳሳታቸው

ሞጣ ውስጥ አንድ ወጣት አባት የሰባት ቀን ሴት ልጁን ለማስመዝገብ የሞላውን ቅጽ ይዞልኝ መጣ። «መምህር፣ እስቲ እዩልኝ፤ ስሟ ልክ ነው?» አለኝ። በገዛ እጁ «ዓሲያ» ብሎ ጽፏል።

በአማርኛ ሲነበብ አሲያና ዓሲያ ልዩነት የላቸውም። በዐረብኛ ግን ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። አሲያ የፈርዖን ሚስት ናት፤ ሙሳን ከወንዝ ተቀብላ ያሳደገች፣ ነቢዩ ሙሐመድም ከመርየም፣ ከኸዲጃና ከፋጢማ ጋር ከምርጥ ሴቶች የቆጠሯት። ዓሲያ ደግሞ «ዐመፀኛ» ማለት ነው። ነቢዩ በዚህ ስም የምትጠራ ሴት አግኝተው «ጀሚላ» ብለው ለውጠውላታል። በዐረብኛ «ሰ»ውም ይለያያል፤ እሱን ፊደላችን አይይዝልንም። የመጀመሪያውን ግን ይይዛል። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ አልፋው «አ» እና ዓይኑ «ዐ» ብሎ መለየት ከየኔታ ደጅ የወጣ እውቀት ነው። አንድ ድምፅ ሁለት ትርጉም ሲይዝ ለቅኔ ኅብር ይሆናል፤ ልጅቱ መድረሳ ገብታ ስሟን ከወረቀቱ ወደ ዐረብኛ ስትገለብጥ ግን ጣጣ ነው።

ሁለተኛው ስህተት «አብዱ» ላይ ነው። አብዱረህማን «የእጅግ አዛኙ ባሪያ» ማለት ነው፤ ገብረ ሥላሴን ያወቀ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ገበያ ላይ «አብዱ» ተብሎ ቢጠራ አልጣላም፤ ገብረ ሥላሴም «ገብሬ» ይባል የለ? ወረቀት ላይ ግን ለሁለት ተከፍሎ «አብዱ» የልጁ፣ «ረህማን» የአባቱ ስም ሆኖ ሲመዘገብ፣ የአላህ ስም የአንድ ገበሬ ስም ሆነ ማለት ነው። አያይዛችሁ ጻፉት።

የዐረብኛ ስም ሁሉ ሃይማኖታዊ ይመስለናል። ዑመርም ቢላልም ከመስለማቸው በፊት የተጠሩበት ስም ነው፤ ነቢዩ የለወጡት በአብዛኛው ትርጉሙ የከፋውን ነበር። «ሐዝን» (ሻካራ መሬት) የሚባለውን ሰው «ሰህል» (ለስላሳ) ልበልህ ቢሉት፣ አባቴ ያወጣልኝን አልለውጥም አለ። የልጅ ልጁ ሰዒድ ከዚያ ወዲህ ሻካራነቱ ከቤታችን አልወጣም ይል ነበር! እንግዲህ ሚዛኑ ትርጉም ከሆነ «ብርሃን» ያንኑ ትርጉም ከያዘው የዐረብኛው «ኑር» በምን ያንሳል?

«ነጃሺ»ም የንጉሡ መጠሪያ ስም አይደለም፤ «ንጉሥ» የሚለው ማዕረግ ነው። በ615 ገደማ ከመካ የተሰደዱትን ሙስሊሞች የተቀበለው የሐበሻ ንጉሥ በእስልምና ታሪክ አስሐማ ይባላል።

ስም ለማውጣት የግድ ሰባተኛውን ቀን መጠበቅም አያስፈልግም። ዐቂቃው (ለተወለደው ልጅ የሚታረደው በግ ወይም ፍየል) በሰባተኛው ቀን ይታረዳል፤ ነቢዩ ግን ልጃቸውን በተወለደበት ሌሊት ኢብራሂም ብለውታል።

አባትየው አዲስ ቅጽ ለመነና ጠረጴዛዬ ላይ ጎንበስ ብሎ እንደገና መጻፍ ጀመረ። የመጀመሪያው ፊደል ላይ ሲደርስ እስክሪብቶውን አንሥቶ ቀና አለ፦ «ይቺ አልፋዋ ናት አይደል?»